ላቀች፣ ምርጥ ወይስ የኤሌክትሪክ ምጣድ? ከአዳማ ጓዳ እስከ ግራሩ ሜዳ

አዳማ ላይ ምድጃ የሚገዛ ሰው ዋጋውንና የሚቆጥበውን ከሰል ይጠይቃል፤ ጢሱ የት እንደሚወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። አብዛኛው የከሰል ልቀት የሚወጣው ጓዳ ውስጥ ሳይሆን እንጨቱ በሚከስልበት ቦታ ነው፤ ግራሩ ተቆርጦ፣ ተቆልሎ፣ አፈር ለብሶ በሚታፈንበት የስምጥ ሸለቆ ወረዳ። በዚህ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 6 ወይም 7 ኪሎ እንጨት ያልቃል። አፈር ሥር አየር ስለሚያጥር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌላ ሜቴን የተባለ ጋዝም ይወጣል፤ እሱ ደግሞ በ100 ዓመት ስሌት፣ በእኩል ክብደት፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ጢሱ የወረዳው ነው፣ ፈላጊው ግን ከተማው። አንዱ ወረዳ ኬላውን ቢያጠብቅ ቆራጩ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል እንጂ ጆንያው ከአዳማ ገበያ አይጠፋም። ላቀች የምትባለውን የከሰል ምድጃ፣ ምርጥ የሚባለውን የእንጨት ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣዱን የመዘንነው በዚህ ዓይን ነው።

ላቀች ጂኮ የሚባለው የኬንያ የከሰል ምድጃ ዘመድ ናት፤ ላይዋ ቆርቆሮ፣ ውስጧ ቀዳዳ ያለው ሸክላ። ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ታተርፋለች። በወር 40 ኪሎ ለሚጨርስ ቤት 10 ኪሎ መሆኑ ነው፤ በእንጨት ሲታሰብ ከ60 እስከ 70 ኪሎ። ይህ ሁሉ ግን የሸክላው ጉዳይ ነው። ስትገዙ በጣት መታ መታ አድርጉት፤ ጥርት ብሎ ካልጮኸ ተሰንጥቋል። ነቅነቅ ስታደርጓት ሸክላው ከቆርቆሮው ከተላቀቀ ደግሞ በመሃል ያለው ሙሌት ለቋል፤ ተዉት። የመጀመሪያውን ቀን በጥቂት ከሰል ቀስ ብላ ትሙቅ። ፍሙን በውሃ ማጥፋት ሸክላውን ይሰነጥቃል፤ የተረፈውን አውጥቶ ክዳን ባለው ጣሳ ማፈን ይሻላል፣ ለነገም ይሆናል። ከሰሉ ከሸክላው ጠርዝ በላይ ሲቆለል ወይም ቀዳዳው በአመድ ሲደፈን አየር ያጥራል፤ ያኔ ከሰሉ ያልቃል፣ ድስቱ አይፈላም፣ መርዛማው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። በር ዘግቶ ቡና የሚያፈላ ይህን ያስብበት።

ምርጥ ምድጃ ለእንጀራ የተሠራ ነው። ከሲሚንቶና ፑሚስ ከሚባል ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይቀረጻል፣ ምጣዱን የሚከቡ አራት ቁርጥራጮች ይገጣጠማሉ፣ ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ላይ የአብሲት ውሃ ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የሚበላሸው በአብዛኛው ከጅምሩ ነው፦ ሲሚንቶው ቀናት ውሃ ሳይጠጣ ለገበያ የወጣ ምድጃ በወራት ውስጥ ጠርዙ ይፈረፈራል። በጥፍር ሲጫሩት ብናኝ ከረገፈ አትግዙ። ምጣዱ ከቀለበቱ ካነሰ ወይም መጋጠሚያው በጭቃ ካልተመረገ እሳቱ በጎን ያመልጣል፣ ቁጠባውም አብሮ ይሄዳል። ከባድ ስለሆነ ለተከራይ አንመክረውም።

ከጎረቤት ወረዳ ግራር ላይ እጁን ሙሉ በሙሉ የሚያነሳው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ይመነጫል፤ ከአዳማ አጠገብ ያሉት ሁለቱ የነፋስ ጣቢያዎችም 51 እና 153 ሜጋ ዋት አቅም አላቸው። ችግሩ ያለው የቤቱ መስመር ላይ ነው። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይፈልጋል፤ በቀጭን ኤክስቴንሽን ከተሰካ ሶኬቱ ይቀልጣል። ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይዘርጋለት። እንጀራው በአንድ ወገን ብቻ ዓይን ካላወጣ የሚያሞቀው ሽቦ ከሸክላው ቦይ ተነስቷል ማለት ነው፤ ምጣዱን ሳትጥሉ ሽቦውን ማስቀየር ይቻላል።

የግል ግቢ ላለው ምርጫችን ኤሌክትሪኩ ነው፤ ምርጥ ደግሞ መብራት ለጠፋ ቀን ጓሮ ይቀመጥ፣ አለዚያ የቦካው ሊጥ ይኮመጥጣል። ተከራይ ከሆናችሁ ለወጥ ላቀችን ያዙ፤ ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አከራዩ ቆጣሪውን ከስንት ቤት ጋር እንዳጋራው ጠይቁ። ሦስት ቤት በአንድ መስመር ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ከለኮሰ ብሬከሩ አይችለውም።