ሳቢያን ያለው የፕላጃሪዝም ቼክ ቤትና የአድቫይዘሬ ይቅርታ

ድሬዳዋ ውስጥ ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) ማስመርመር የሚፈልግ ሰው ከጠየቀኝ ሳቢያን ያለውን ቤት ነው የምጠቁመው። ከውጪ ሲታይ ተራ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ፕሪንት ያደርጋሉ፣ ይጠርዛሉ፣ ፕላጃሪዝም ቼክም ይሠራሉ፣ ማለትም ጽሑፉ ከሌላ ሰው ሥራ ጋር መመሳሰሉን በሶፍትዌር ያያሉ። ዋጋው ከዚራ አካባቢ ካሉት ትንሽ ወደድ ይላል። ይገባዋል።

የሚመረምረው ልጅ የመመሳሰሉን ፐርሰንት ብቻ ነግሮ አይሸኝም። ሪፖርቱን ከፍቶ የትኛው አንቀጽ ከየት ጋር እንደተመሳሰለ አንድ በአንድ ያሳያል። የዋቢ ዝርዝሩንና በጥቅስ ውስጥ ያለውን አስወጥቶ እንደገና ያስኬደዋል፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ የሚያየው የቃላት መመሳሰልን ነው፤ ስርቆት ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው። 20 ፐርሰንት ወጥቶለት ንጹህ የሆነ ሥራ አለ፣ 8 ፐርሰንት ወጥቶለት የሰው ሐሳብ የዘረፈም አለ። በፈጠራ የተሞላ ዳታማ ለሶፍትዌሩ ጭራሽ አይታየውም። ደግሞ ልጁ ፋይላችሁን የሶፍትዌሩ ዳታቤዝ ውስጥ ሳያስቀር ነው የሚመረምረው። የትም ብትሄዱ ይሄን ጠይቁ። ከቀረ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ በኋላ ሲመረምረው ከራሳችሁ ሥራ ጋር መቶ በመቶ ተመሳስሎ ሊመጣባችሁ ይችላል።

"ፐርሰንቱን ቀንስልኝ" ብሎ የመጣ ደንበኛም ሲመልስ አይቻለሁ። "አቦ፣ ቃል መቀያየር እዚህ የለም" አለው።

እኔ የሄድኩት ከተመረቅኩ በኋላ ነው፣ ቴሲሴን ወደ አርቲክል ቀይሬ ልልክ ስል። ከግማሽ በላይ ቀልሞ ወጣ፤ ሁሉም ከአንድ ምንጭ። ልጁ ሊንኩን ከፈተው። የአድቫይዘሬ፣ የቴሲስ አማካሪዬ፣ አርቲክል ነው። ሠንጠረዦቹ የኔ፣ በዚያ ፀሐይ ከቤት ቤት እየዞርኩ ያስሞላሁት መጠይቅ የኔ፣ ስሜ ግን የትም የለም፣ ምስጋናው ላይ እንኳ።

ደወልኩላቸው። "ቅር ተሰኝተሽ ከሆነ ይቅርታ" አሉኝ። ቅር ተሰኝተሽ ከሆነ! የኔ መከፋት እንጂ የሳቸው ድርጊት ጥፋት አልሆነም ማለት ነው። ከዚያ "በሥራ ብዛት ተዘንግቶ ነው" መጣ፣ ከዚያ "አንቺ እኮ ልጄ ነሽ"። እሺ ዶክተር፣ ስሜን ያስገቡልኝ ወይም አርቲክሉን ያስነሱት ስል ግን ስልክ ማንሳት አቆሙ።

ይሄ የኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ዲድሪክ ስታፕል የተባለው የኔዘርላንድ የሥነ ልቦና ፕሮፌሰር ለዓመታት ዳታ ሲፈጥር መኖሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ተጋለጠ፤ 58 ጽሑፎቹ ተሰርዘዋል። የሱን የፈጠራ ዳታ አምነው ዶክትሬታቸውን የጻፉ ተማሪዎች ነበሩ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ግን እዚያው ላይ የማሳተም ጫናውንና ቁጥጥር የሌለውን አሠራር አብሮ አነሳ።

ፍራንሲስ አርኖልድን ደግሞ እዩ። በ2018 እ.ኤ.አ. በኬሚስትሪ ኖቤል ያገኘች ናት። የሷ ጉዳይ ከስርቆት ጋር አይገናኝም፣ ቡድኗ በሳይንስ መጽሔት ያሳተመው ውጤት ሲደገም አልመጣ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጽሑፉ እንዲነሳ አድርጋ፣ ሥራዬን በደንብ አልሠራሁም ብላ በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀች። እሷም ሥራ በዝቶብኝ ነበር ብላለች። ግን ጽሑፉ ተነስቷል! የኔ አድቫይዘር አርቲክል እስከ ዛሬ በስማቸው ቆሟል፣ እኔ ደግሞ የራሴን ሥራ ልልክ ብል ሌባ የምባለው እኔ ነኝ።

ወደ ሳቢያኑ ቤት ልመለስ። ልጁ ነገሩ ሲገባው ሪፖርቱን ከነሊንኩ በከለር አተመልኝ፣ ቴሲሴ የገባበትንና አርቲክሉ የወጣበትን ቀን ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። ለዚህ አላስከፈለኝም። እሱኑ አያይዤ የአድቫይዘሬን አርቲክል ላወጣው መጽሔት ኤዲተር ጽፌያለሁ። ተመራቂ ሁሉ አድቫይዘሩ ያሳተመውን ገብቶ ቢያይ ደስ ይለኛል፤ እኛ ዝም ስላልን ነው የሚደፍሩን።

ጥረዛቸው ደካማ ነው፣ እሱን ሌላ ቦታ አሠሩ። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ጥናት ሲሆን ምርመራው እንደ እንግሊዝኛው አይዝም፤ ልጁም ብር ሳይቀበል በፊት ይሄን ይናገራል። ቀትር ላይ ይዘጋሉ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሂዱ።