ከደብረ ብርሃን ወደ ጣና ደሴቶች፦ የጀልባ ኪራይ አገልግሎት ግምገማ

ከማኅበር ጓደኞቼ ጋር ሆነን፣ ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ የጉዞ ወኪል በኩል ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተከራይተን የጣናን ገዳማት ተሳልመናል። በባለጀልባው ሥራ እጅግ ረክቻለሁ። ጎሕ ሲቀድ ወደቡ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ የሕይወት አድን ጃኬቱን ለእያንዳንዳችን ራሱ አስሮ፣ ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ካረጋገጠ በኋላ ነው ሞተሩን ያስነሣው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣና ማዕበሉ ትንንሽ ጀልባዎችን ስለሚያንገላታ፣ ሩቆቹን ደሴቶች በጠዋት ማዳረሱ ተገቢ ነው።

ቅሬታዬ በወኪሉ ላይ ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡበት ገዳም መሆኑን ከክፍያ በፊት ባለመናገሩ፣ አብረውን የመጡት እናቶች ጀልባው ላይ ለመቅረት ተገደዱ። የከተማችን ቆርቋሪ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አጽም ያረፈው በዚሁ ገዳም በመሆኑ፣ ለደብረ ብርሃን ሰው ነገሩ ቀላል አይደለም።

ደቅ ደሴት ላይ ግን ሁላችንም ገባን። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ክብ ሆና፣ የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል፤ እቴጌይቱም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ጉዞው ረጅም ስለሆነ ለናርጋ ሙሉ ቀን መያዝ፣ ዋጋውንም ከነነዳጁ አስቀድሞ መስማማት ይገባል።