ለአንዲት የጽሕፈት ቤት ልጅ ምስጋና

ሰላም ባሕር ዳሮች። ዛሬ የማመሰግናት ሰው አለችኝ። ጊዮርጊስ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ የምትሠራ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ስሜን እንዳይለጥፉት» ስላለችኝ ስሟን ትቼዋለሁ።

የዘጌው እድራችን ደንብ ተሻሽሎ ቤቴ ተየብኩት። የእድሩ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው፤ መጻፊያው ፕሮግራም፣ ወርድም፣ የ2003። ፍላሼን ይዤ በጀልባ ሄድኩ፤ አልከፍት አለ። ጸሐፊያችን «ዶክ አድርገህ አምጣው» አሉኝ። ተመልሼ ስሙ መጨረሻ ላይ «ዶክ» ጨመርኩበት። ጨረስኩ ብዬ ኮፒ ላስደርግ እሷ ጋ ገባሁ።

ፍላሹን ሰክታ ሳቀች። ለካ ዊንዶውስ ኤክስቴንሽኑን፣ ማለትም ከፋይሉ ስም በኋላ ከነጥብ ቀጥሎ የሚመጣውን የፋይሉን ዓይነት መለያ፣ ደብቆት ኖሯል። እንዲታይ ስታደርገው ፋይሌ «ደንብ ነጥብ ዶክ ነጥብ ዶክኤክስ» ሆኖ ቁጭ አለ። «ቢያስተካክሉትም ዋጋ የለውም» አለችኝ። አንድ ቅጂ ወስዳ መጨረሻውን «ዚፕ» አለችውና ከፈተችው። ውስጡ ፎልደር በፎልደር! ዶክኤክስ ከኦፊስ 2007 ጋር የመጣ የታሸገ ጥቅል ነው። የድሮው ዶክ አሠራሩ ሌላ ነው። ስሙን ብቻ መቀየር የጤፍ ጆንያ ላይ ዳጉሳ ብሎ መጻፍ ነው እንግዲህ።

መፍትሔው ሴቭ አዝ ገብቶ «ወርድ 97-2003 ዶክመንት» የሚለውን መምረጥ ነበር። በቃ።

ፋይሉንም በላቲን ፊደል «ኢዲርደንብ» አለችው፤ ልክ 8 ፊደል። ኤክስፒ እንኳ ረጅም ስም አያስቸግረውም፤ እሷ ግን ልማድ ሆኖባታል። ዊንዶውስ ሳይስፋፋ በነበረው በዶስ ሲስተም ጊዜ ስም ከ8 ፊደል፣ ኤክስቴንሽን ከ3 አያልፍም ነበር። ዊንዶውስ 95 እስኪመጣ ብዙ ሰው በዚያ ነው የኖረው። የፎቶው ጄፔግ «ጄፒጂ» ሆኖ የቀረውም በዚሁ ጣጣ ነው። የአማርኛ ፎንትም ፍላሹ ላይ አብራ ገለበጠችልኝ። ያለዚያ ጽሑፉ ቢከፈትም ሳጥን ሳጥን ብቻ ነበር የምናየው።

ያስከፈለችኝ የኮፒውን ብቻ ነው። ልጨምርላት ብል አሻፈረኝ አለች። አሮጌ ኮምፒውተር ያስቸገራችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ቤቷን እጠቁማችኋለሁ። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት ተማሪ ይሞላባታል።

ፍላሹን በሰው ላክሁት። ማታ ጸሐፊያችን ደወሉ። «ተከፍቷል፣ እግዜር ይስጥልን። ግን አንቀጽ 7 ላይ የቀብር ሥነ ሥርዓት የሚለውን የክብር ብለኸዋል።»