ባለ 1,000 ሊትር ሮቶና የግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ፦ ክረምትም በጋም ካየ በኋላ

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር፤ 3 ሜትር ከፍታ ባለው የብረት ስታንድ ላይ ጥቁር ሮቶ፣ ከሥሩ ባለ 370 ዋት ፓምፕ። ታንከሩ ራሱ ይህ ነው የሚባል እንከን አልወጣለትም። አይዝግም፤ ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፣ ስለዚህ ውስጡ አረንጓዴ አያበቅልም። ጣጣው ያለው በዙሪያው ነው።

በመጀመሪያ ሊትሩ። 1,000 የተባለው ሁሉ አይገኝም። መውጫው ከወለሉ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚበሳ ከ40 እስከ 50 ሊትር ከሥር ይቀራል፤ ታንከሩ ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊም ውሃው አፍ ሳይደርስ ይዘጋል። ሲጣራ 900 ግድም ነው። ከሥር የሚቀረው ኪሳራ አይደለም፤ ደለሉን ከቧንቧ የሚያርቀው እሱ ነው። አምስት ሰው በቀን 40፣ 40 ሊትር ቢጠቀም 4 ቀን ተኩል ያዘልቃል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ግን በዚህ ስሌት አይታለል።

የሞላ ሮቶ ከ1 ቶን በላይ ይከብዳል። በብረት ዘንጎች ላይ ብቻ ከተቀመጠ ወለሉ በዘንጎቹ መካከል ይረግባል፣ ከጊዜ በኋላም መውጫው የተበሳበት ቦታ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስለዚህ ወለሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸከም ወፍራም ላሜራ ያስፈልጋል፤ የስታንዱ እግሮችም አፈር ላይ ሳይሆን ኮንክሪት ላይ ይቁሙ።

ከሁሉ ያስቸገረው ርካሹ ዕቃ ነው፤ ተንሳፋፊው። የከተማው ውሃ ብዙ ጊዜ ሌሊት፣ ተጠቃሚ ሲቀንስ፣ በኃይል ይመጣል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ አየርና ዝገት እየገፋ ነው። አንዲት የአሸዋ ፍሬ ጎማው ሥር ከገባች መዝጊያው አይገጥምም። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያስገባ የግማሽ ኢንች መስመር በ6 ሰዓት ውስጥ 3,600 ሊትር ያፈሳል። ቆጣሪው ይህን ሁሉ ይቆጥራል፤ ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የሚወደድ ነው። መፍትሔው ክንዱ ነሐስ የሆነ ተንሳፋፊ፣ ከፊቱ ተፈትቶ የሚታጠብ ወንፊት፣ ከወንፊቱም በፊት የእጅ መዝጊያ ነው። የትርፍ ውሃ መውጫው ከመግቢያው ይስፋ፤ ግማሽ ኢንች ለሚያስገባ 1 ኢንች ይሁን። ጫፉ ላይ የትንኝ ወንፊት ይታሰርበትና ሰው በሚያየው ቦታ ይፍሰስ። ጓሮ ተደብቆ የሚፈስ ትርፍ የሚታወቀው ቢል ሲመጣ ነው።

3 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ለወጥ ቤትና ለሽንት ቤት ይበቃል፤ በመስመሩ ላይ የሚገጠም የሻወር ማሞቂያ ግን ብዙውን ጊዜ አይነሳም። ፓምፑ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ለዚህ ብቻ። ስለዚህ ፓምፑን አልፎ የሚሄድ ሁለተኛ መስመር ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚያግደው ቼክ ቫልቭ ጋር የግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ይህን መስመር የዘለለ ባለሙያ ቤቱን በአንድ ጊዜ መብራትም ውሃም ያሳጣዋል።

የዚህ ዓይነት ፓምፕ ውስጠኛ መዘውር ከፓምፑ ሽፋን ጋር ያለው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው። አሸዋ ይበላዋል፤ ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆመም ይነክሳል። እያጉረመረመ ካልዞረ ወዲያው ያጥፉት። ሶኬቱን ነቅሎ የኋላውን ማራገቢያ በእጅ ማዞር ብዙ ጊዜ ያላቅቀዋል። በቀላሉ እየዞረ ካልተነሳ ሞተሩን የሚያስነሳው ካፓሲተር ደክሟል ወይም ቮልቴጁ ወርዷል። ቧንቧ ሳይከፈት በየጥቂት ደቂቃው በራሱ የሚነሳ ከሆነ ግን ፓምፑን ከመውቀስ በፊት የሽንት ቤቱን ሳጥን ማየት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያንጠባጥበው እሱ ነው። ፓምፕን በቀጥታ ከከተማው መስመር ላይ ማሰር ግን ነውር ብቻ አይደለም። መስመሩ ውስጥ መሳብ ስለሚፈጥር በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል በዙሪያው ያለውን ፍሳሽ ያስገባል።

ሮቶ ውሃ ያቆያል እንጂ አያጸዳም፤ ቆሞ የሰነበተ ውሃ የነበረው ክሎሪን እየተነነ ይሄዳል። ክረምት ሲወጣና አንድ ጊዜ በበጋ መታጠብ አለበት። ደለሉ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ታንከሩን ሞልቶ 1 ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት ባለ 5 በመቶ በረኪና መጨመር፤ ሁሉንም ቧንቧዎች የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ከፍቶ መዝጋት፤ 12 ሰዓት አቆይቶ ማፍሰስና ማለቅለቅ። በእነዚያ ሰዓታት ከውሃው አይጠጣም። በረኪናው ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ።

ለመጠጥ የሚቀዳው ለብቻ ይታከም። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከሰል ወይም መብራት ከሌለ ለ20 ሊትር ጀሪካን ከዚያው በረኪና 2 ሚሊ ሊትር ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። የደፈረሰ ከሆነ ቀድሞ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፣ መጠኑም ይታጠፋል። ወራት የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚቀንስ አያስተማምንም።

የከተማው ግፊት እስከ ስታንዱ አናት በማይደርስበት ሰፈር ይህ አሠራር አይሆንም፤ መሬት ላይ ተጨማሪ ታንከር ይፈልጋል። ግፊቱ ለሚደርስለት ደግሞ ከአንድ ባለ 1,000 ይልቅ ሁለት ባለ 500፣ በመካከላቸው መዝጊያ ያለው፣ ይሻላል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ያገለግላል።