ደሴ ላይ የሞተር ጂፒኤሴን አፕዴት ያስደረግኩበት ሱቅ (ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ፣ አንዷን ለምን እንደያዝኩ አንብቡ)

ሞተር የምትነዱ የወሎ ልጆች ስሙኝማ። ሰሞኑን ያየኝ ሁሉ "ያ መሪህ ላይ ያሰርከው ነገር ይሰራል ወይ፣ የት ነው ያስጫንከው" እያለ ስለሚጠይቀኝ ለያንዳንዱ በቮይስ ከማስረዳ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ለቸኮለ ሰው፦ ዕቃው (መንገድ የሚያሳየኝ ጂፒኤስ ነው) ሸጋ ነው፣ አፕዴቱ ራስ ምታት ነው፣ ፒያሳ አካባቢ ያለው ልጅ ጎበዝ ነው ግን እኔን አንድ ነገር አርጎኛል፣ እሱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

እኔ የምኖረው ሐይቅ ነው፣ ስራዬ የእንስሳት ጤና፣ ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዤ አምባሰል ተሁለደሬ ወረባቦ ስዞር ነው የምውለው። ጂፒኤሱን ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ አዲሳባ ካለ ጓደኛዬ። "ስልክ እያለልህ ምን አስቸገረህ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኔም እንደዛው ነበር የምለው። ግን ስልክ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ ዝናብ ሲነካው ስክሪኑ በራሱ ይጫናል፣ ደሞ የሞተር ንዝረት የስልክ ካሜራ ያበላሻል፣ ይሄን አፕል ራሱ በፈረንጅ 2021 ሰዉን አስጠንቅቋል። ይሄኛው ግን ለሞተር ተብሎ የተሰራ ነው፣ በጓንት ይነካል፣ አይፒ ኤክስ 7 የሚባለውን የውሃ ደረጃ ያለፈ ነው (1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ ምንም አይሆንም ማለት ነው፣ እኔ አልሞከርኩም አልሞክርምም)። መቀመጫው ከሞተሩ ባትሪ 12 ቮልቱን ተቀብሎ ወደ 5 ቮልት አውርዶ ይሰጠዋል፣ ቻርጅ ብሎ ጣጣ የለም። ኔትወርክም አይፈልግም፣ ሳተላይቱን ካየ በቃ፣ አራት ሳተላይት ካገኘ የቆምክበትን ቦታም ከፍታህንም ይነግርሃል።

ችግሩን ያወቅኩት ገና ከአዲሳባ ስመጣ ነው። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ሲግናል ጠፋ፣ እሱ ያለ ነው፣ ተራራ ውስጥ ገብተህ ሰማይ የለም። ወጥቼ ሲግናሉ ሲመለስ ግን ዓይኔ ቀኑ ላይ አረፈ፣ የጥምቀት ሰሞን ሆኖ እሱ ጁን 2006 ይላል። በፈረንጅ ማለት ነው። እኛም ከፈረንጅ 7 ወይ 8 ዓመት ወደ ኋላ ነን ግን ይሄ እኛንም በለጠን።

ምክንያቱን በኋላ ነው የሰማሁት። ሳተላይቶቹ ቀን የሚቆጥሩት በሳምንት ነው አሉ፣ ቆጠራው 1024 ሳምንት ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ የመኪና ኪሎሜትር ቆጣሪ ሞልቶ ከዜሮ እንደሚጀምረው ማለት ነው። 1024 ሳምንት 19 ዓመት ከ7 ወር ምናምን ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የዞረው በኛ መጋቢት 28 ቀን 2011 ነው፣ ሶፍትዌሩ ያልታደሰ አሮጌ ዕቃ ያኔ ወይም ከዛ በኋላ ቀኑ ይምታታበታል። ቦታውን በትክክል ያሳያል፣ ቀኑን ግን ያኔ ድሮ ላይ ነው ያለው። ታዲያ ምን ቸገረህ ካላችሁኝ፣ እኔ የጉዞ መዝገቡን ነው ለነዳጅ ሂሳብ ቢሮ የማቀርበው፣ ሂሳብ ክፍሏ ሴትዮ ወረቀቱን አገላብጣ አይታ "በ2006 ነው እንዴ ከውርጌሳ መርሳ የሄድከው? ያኔ ተማሪ አልነበርክም?" አለችኝ። ሳቀች ግን አልፈረመችም።

እሺ ብዬ ቤቴ ሞከርኩ። የሌሊት ፓኬጅ ገዛሁ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ከድሮ ስልክ ቻርጀር ጋር የመጣ ኬብል አግኝቼ ሰካሁት፣ ጂፒኤሱ ቻርጅ ያደርጋል ላፕቶፑ ግን ምንም አላየም። ፖርት ብቀይር፣ ሪስታርት ባደርግ፣ ወፍ የለም። ሁለት ሌሊት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን ፎቶ ቤት ያረጀ የካሜራ ኬብል አዋሰኝ (ጫፉ ያቺ ወፈር ያለችው ሚኒ የምትባለው ናት፣ የድሮ ጂፒኤሶች እሷን ነው የሚጠቀሙት) ስሰካው ላፕቶፑ ድምፅ ሰጠ! ደስ ሲለኝ ደሞ ዲቫይስ ማኔጀር (ላፕቶፑ ላይ የተሰኩ ዕቃዎች ዝርዝር) ውስጥ ስሙ ጎን ቢጫ ምልክት፣ ድራይቨር (ላፕቶፑን ከዕቃው ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) የለውም። ድራይቨሩን ከአምራቹ ሳይት አውርጄ ጫንኩ፣ ቢጫው ጠፋ፣ አፕዴቱን ጀመርኩት፣ መቶኛው እየጨመረ እየጨመረ ስልሳ ምናምን ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ያለ መብራት አንድ ደቂቃ አይቆምም። እሱም ጠፋ። ጂፒኤሱን ሳበራው አርማውን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ አርማውን ያሳያል። ጠዋት ስነሳም እንደዛው ነው።

ደሴ የሄድኩት በዚህ ሁኔታ ነው። ሱቋ ጠባብ ናት፣ ሞባይል ጥገና ነው የሚለው ታፔላው፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ነው የሚቆመው። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ከታች የምወቅሰው ነገር ስላለኝ የልጁን እንጀራ መንካት አልፈልግም። ዕቃውን ሳወጣለት "አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ አልሞተም፣ ደንዝዞ ነው" አለኝ፣ ወላሂ እዛው ልቤ ተመለሰ። የስክሪኑን አንድ ጥግ በአውራ ጣቱ ጭምቅ አርጎ እንደያዘ ኃይል ሰጠው፣ አርማው መጣ፣ ጣቱን አልለቀቀም፣ ትንሽ ቆይቶ ላፕቶፑ ድም አለ። ካየው በቃ አለኝ።

ከዛ ያን የመጀመሪያ ኬብሌን አምጣ አለኝና ጠየቀኝም አልጠየቀኝም መሀሉን በምላጭ ቆረጠው። ልጮህበት ስል ሽፋኑን በጥፍሩ ገፎ አሳየኝ፦ ቀይና ጥቁር፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ፣ ሌላ የለም። ከመሳቢያው ሌላ ኬብል አውጥቶ ተገፎ የተቀመጠ ጫፉን አሳየኝ፣ እዛ ላይ ቀይ ጥቁር ነጭ አረንጓዴ አለ። ቀይና ጥቁሩ መብራት ነው የሚያመጣው፣ ዳታ የሚያመላልሱት ነጭና አረንጓዴው ናቸው። ለካ እኔ ሁለት ሌሊት ሙሉ በኬብሉ ወደ ዕቃው መብራት ብቻ ስሰድ ነው ያደርኩት። እንግዲህ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፣ ድራይቨር ከመውቀሳችሁ በፊት ኬብሉን በሌላ ስልክ ሞክሩት፣ ፎቶ ካላስተላለፈ እሱ ቻርጅ ብቻ ነው።

አሰራሩ ደስ ይላል። መጀመሪያ ሶፍትዌሩን፣ ማፑን ከዛ በኋላ፣ ገልብጦ የሚሰራ አለ ግን አሮጌ ሶፍትዌር አዲሱን ማፕ ላያነበው ይችላል አለኝ። ላፕቶፑ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ነው ያለው፣ እኔ እያለሁ መብራት አንዴ ሄዶ መጣ፣ እሱ ቀና ብሎም አላየ። ማፑን የጫነልኝ ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው፣ እሱ ነፃ ነው፣ በዓለም ላይ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከ2004 በፈረንጅ ጀምረው የሚሰሩት፣ የገጠሩን መንገድ ከዕቃው ጋር ከመጣው ማፕ በብዙ ይበልጣል። ሚሞሪ ካርዱን ፋት 32 አርጎ ፎርማት አደረገው፣ በዚህ ፎርማት አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ ስለማይችል የመላው አፍሪካን በአንድ ፋይል ጫንልኝ አትበሉት፣ የኢትዮጵያ ብቻ በቂ ነው፣ ትንሽ ናት።

አሁን ወቀሳዬ። ዕቃው ውስጥ ያስቀመጥኳቸው 43 ነጥቦች ነበሩኝ። ወንዝ የሚሻገሩበት ቦታ፣ ክረምት ላይ የማይኬድ ቁልቁለት፣ ከብቶቹን የሚሰበስቡበት ጥላ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ጀባ የሚሉ እናት ቤት ሳይቀር። ሪሴት ሲያደርገው ሁሉም ጠፋ። ባክአፕ ላድርግልህ ወይ አላለኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ግን ባለሙያው እሱ ነው። ስነግረው ደነገጠ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ፣ ከዋጋውም 200 ብር ቀነሰልኝ፣ 800 ነበር 600 ከፈልኩ። 43ቱን ነጥብ ግን 200 ብር አይመልሰውም፣ እስካሁን 17 ነው እንደገና የሞላሁት፣ ለቀሪው ቦታው ድረስ መሄድ አለብኝ። አንዷ ኮከብ የቀረችው ለዚህ ነው። እናንተ ስትሄዱ ገና ከበሩ "ነጥቦቼን መጀመሪያ ላፕቶፕ ላይ ገልብጥልኝ" በሉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ውጤቱስ? ቀኑ ተስተካከለ፣ ሂሳብ ክፍሏ ፈረመች። ለሙከራ ብዬ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩት፣ ከፍታው ከ2500 ሜትር ገደማ ጀምሮ ጥምዝ በጥምዝ እየቀነሰ ኮምቦልቻ ስገባ ወደ 1850 ደረሰ፣ ጃኬቴንም እዛው አወለቅኩ። ድሮ የመኪና መንገዱን ቀጥ ያለ መስመር አርጎ ነበር የሚያሳየኝ፣ አሁን መታጠፊያው ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው ጥምዝ ወደ የት እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። (በጉም ውስጥ ስክሪን እያያችሁ ንዱ አላልኩም ደሞ።)

የማይጥመኝ ፍለጋው ነው። የኔው የኛን ፊደል አያነብም፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፈው፣ እና ስማችንን ሁሉም እንደመሰለው ነው የጻፈው። ደሴ በአንድ ኤስ ነች በሁለት? ኮምቦልቻ በኬ ነው በሲ? ወልዲያ በኦ ነው በኢ? ውጫሌን ሦስት ዓይነት አርጌ ጽፌ በአራተኛው ነው ያገኘኋት። እሷ ደሞ ድሮም አጻጻፍ አይሆንላትም፣ በ1881 እዛ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የአማርኛውና የጣልያንኛው አልገጥም ብሎ ነው አድዋ ድረስ ያደረሰን። ልጁ ለዚህ የሰጠኝ ዘዴ፦ በስም አትፈልግ፣ ማፑን በጣትህ ጎትተህ ቦታው ላይ ተጫንና በራስህ ስም አስቀምጠው። እንደሱ ነው የማደርገው።

ለመሄድ ያሰባችሁ፦ የዕቃውን የራሱን ኬብል ካለ ያዙ፣ ሚሞሪ ካርድ ከ32 ጊጋ ያልበለጠ ያዙ፣ ጂፒኤሱን ከመቀመጫው ነቅላችሁ ውሰዱት ሞተሩን ደጅ ላይ ጥላችሁ እንዳትጨነቁ። ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ይፈጃል፣ ግማሹ ዳውንሎድ መጠበቅ ነው፣ አጠገቡ ሻይ ቤት አለ ሻዩ ቅርንፉድ በዝቶበታል። አርብ ደሞ ከጁምዓ በፊት አትሂዱ፣ እኔ ከሐይቅ ድረስ ሄጄ የተዘጋ በር ነው ያገኘሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የከፈተው።