ከከተማ ውጭ ያለ የቤት ባለቤቶች ማኅበር፦ ለምንከፍለው መዋጮ ምን እናገኛለን?

ከከተማ ርቆ በተሠራ መንደር ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ጋር የማኅበር አባልነትንም አብሮ ይገዛል። አባልነቱ ከይዞታው ጋር የተያያዘ በመሆኑ መዋጮውን መክፈል ግዴታ ነው፤ ስለዚህም ማኅበሩን ገንዘብ እንደሚከፈልበት እንደማንኛውም አገልግሎት መመዘን ተገቢ ይመስለኛል። እኔ አባል የሆንኩበት ማኅበር የጠጠር መንገዶቻችንን፣ የጎርፍ መውረጃ ቦዮችን፣ የጋራ የውሃ ጉድጓዱንና የጋራ ሜዳውን ያስተዳድራል፤ በጎረቤቶች መካከል የሚነሱ አቤቱታዎችንም ይሰማል። መሬት ላይ በሚሠራው ሥራ በጣም ጥሩ ነው፤ ስለ ገንዘቡና ስለ ውሳኔዎቹ ለአባላት በሚሰጠው መረጃ ግን ደካማ ነው፤ ይህ ድክመት ሳይታረም ከቆየ መልካሙንም ሥራ ያሰናክለዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ መነሳት ያለበት መንገዱ ነው፤ ከመዋጮው ትልቁን ድርሻ የሚወስደውም እርሱ ነው። የጠጠር መንገድን ከመኪና ይልቅ የሚጎዳው በላዩ የሚተኛ ውሃ ነው። መሀሉ ከፍ ብሎ በእያንዳንዱ ሜትር ወርድ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ዳር ካዘነበለ ዝናቡ ሳይቆይ ወደ ቦዩ ይወርዳል፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ግን ውሃው ያቁርና ጉድጓድ ይፈጥራል። ማኅበሩ ቀደም ሲል ጉድጓድ በታየ ቁጥር ጠጠር አስጭኖ ያስደፋ ነበር፤ ያ ጠጠር በዝናብ ታጥቦ ቦዩን ስለሚደፍን ወጪው በየዓመቱ ይደጋገም ነበር። አሁን ያለው ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በመጀመሪያ የተደፈኑትን ቦዮች አስከፈተ፤ ከመንገዱ ሥር የሚያልፉትን ጠባብ ቱቦዎች በሰፋፊዎች አስለወጠ፤ መንገድ የሚደለድለውን ማሽን፣ ግሬደርን፣ ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል የማይታየውን ሥራ ከሚታየው ስለሚያስቀድም ድፍረት የሚጠይቅ ነበር፤ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ገንዘባችን ቦይ ውስጥ ገባ ብለው አምርረው የተናገሩ አባላት ነበሩ። ኮሚቴው ግን በአቋሙ ጸና፤ ከዚያ ወዲህ በመጣው ከባድ ዝናብም መንገዱ አልተቆረጠም።

የጠጠሩ አመራረጥም ምስጋና ይገባዋል። ታጥቦ የጠራ ጠጠር ለዓይን ቢያምርም እርስ በርሱ ስለማይያያዝ በጎማ ተገፍቶ ወደ ዳር ይበተናል፤ ኮሚቴው ያስመጣው ደቃቅና ሸክላማ አፈር በመጠኑ የተቀላቀለበትን ስለሆነ እርጥበት ሲያገኝ ጠብቆ ተቀምጧል። ያልተፈታው ችግር የመኪና ፍጥነት ነው። በደረቅ ጠጠር ላይ በፍጥነት ሲነዳ በመንገዱ ወርድ የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ይፈጠራሉ፤ ግሬደሩ እስከ ሥራቸው ድረስ ቆርጦ ካላነሳቸው ላያቸው ብቻ ቢሞላ በአጭር ጊዜ ይመለሳሉ። የፍጥነት ገደቡ ለሕፃናት ደኅንነትና ለአቧራ ብቻ ሳይሆን ለጥገና ወጪያችንም ሲባል መከበር እንዳለበት ማኅበሩ ለአባላት በግልጽ ሊያስረዳ ይገባል፤ እስካሁን ያደረገው ምልክት መትከል ብቻ ነው።

ከጋራ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ይበልጥ የተሳካው ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያ የማመቻቸቱ ሥራ ነው። ኢንተርናሽናል ፋየር ኮድ የተባለው የደንብ ሞዴል ለእንዲህ ዓይነቱ መግቢያ 6 ሜትር ያህል ስፋትና 4.1 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ክፍት ቦታ ይጠይቃል። አባላት በፈቃዳቸው ወጥተው ያጎነበሱትን ቅርንጫፎች ቆረጡ፤ በየበሩም በሌሊት መብራት ሲያርፍበት የሚያንጸባርቅ የቤት ቁጥር ተሰቀለ። አምቡላንስ በጨለማ ቤት ፈልጎ እንዳይዞር የሚያደርግ፣ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ግን ትልቅ ሥራ ነው።

ውሃውን በተመለከተ ማኅበሩ የጋራ ጉድጓዱን በየዓመቱ ለባክቴሪያና ከፍሳሽና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ ለሚገባው ናይትሬት ያስመረምራል፤ ይህም የጤና ተቋማት ለጉድጓድ ውሃ ከሚመክሩት ጋር የሚስማማ ነው። የሴፕቲክ ታንክ (የየቤቱ የመጸዳጃ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የመሬት ውስጥ ጋን) በአማካይ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ መመጠጥ ስላለበት ለየቤቱ ማስታወሻ መላኩም መልካም ነው፤ የአንዱ ቸልተኝነት ለሁሉም ውሃ ይተርፋልና። ቅር የሚያሰኘኝ የምርመራው ውጤት ለጠየቀ ብቻ የሚገለጽ መሆኑ ነው። ልጆቻችን የሚጠጡት ውሃ ውጤት ሳይጠየቅ ለእያንዳንዱ አባወራና እማወራ መድረስ አለበት።

የአቤቱታ አሰማሙ ከጠበቅሁት የተሻለ ነው። የሚለቀቁ ውሾች፣ አጥር ጥሰው የሚገቡ ከብቶች፣ እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ድምፅ በሚያስከትሉት ቅሬታ መጀመሪያ ጎረቤታሞቹ እንዲነጋገሩ ይደረጋል፤ ካልተስማሙ ሁለት የኮሚቴ አባላት ያነጋግሯቸዋል፤ ከዚያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻም ቅጣት ይከተላል። በ2009 እ.ኤ.አ. የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ኤሊኖር ኦስትሮም የመስኖ ውሃን፣ ደንንና የዓሣ ሀብትን በጋራ የሚያስተዳድሩ ማኅበረሰቦችን አጥንተው ለረጅም ጊዜ የቆዩት ቅጣትን ደረጃ በደረጃ የሚያከብዱና ጠብን በቅርብ፣ በአነስተኛ ወጪ የሚፈቱ መሆናቸውን አሳይተዋል፤ የእኛም ደንብ በዚህ መንገድ መጻፉ ያስደስተኛል። ሆኖም የኮሚቴ አባል ራሱ የክርክሩ ወገን ሲሆን ከችሎቱ እንዲነሳ የሚያስገድድ አንቀጽ የለም። በአንድ የወሰን ክርክር ይህ ጉድለት በግልጽ ታይቷል፤ ውሳኔው ትክክል ሊሆን ቢችልም የተረታው ወገን እስከ ዛሬ አላመነበትም።

ትልቁ ድክመት ያለው በሂሳብ አያያዙ ነው። የውሃ ፓምፕ፣ ቱቦና የጠጠር ንጣፍ ዕድሜ ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ መቼ እንደሚተኩና ምን ያህል እንደሚያስወጡ ተገምቶ በየዓመቱ ድርሻቸው በመጠባበቂያ ሂሳብ ካልተቀመጠ የሚበላሹበት ቀን ለሁሉም ድንገተኛ ዕዳ ይሆናል። ፓምፑ በተቃጠለ ጊዜ የሆነውም ይኸው ነው፤ ተጨማሪ መዋጮ ተጠየቀ፤ በጡረታ የሚተዳደሩት ጎረቤቶቻችን ለመክፈል ተቸገሩ። ኮሚቴው ከዚያ በኋላ የመጠባበቂያ ሂሳብ ከፍቷል፤ ነገር ግን ዓመታዊው ሪፖርት የመደበኛ ወጪውንና የመጠባበቂያውን ገንዘብ ለይቶ አያሳይም፤ ለምን ዓላማ እንደሚጠራቀምም አይናገርም። ቃለ ጉባኤውም የሚሰራጨው ዘግይቶ ነው። ርቀው የሚኖሩ ባለቤቶች በጽሑፍ ውክልና እንዲሰጡ ስላልተመቻቸም ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ስብሰባ ለሌላ ቀን መተላለፉ የተለመደ ሆኗል። በኮሚቴው ሐቀኝነት አልጠራጠርም፤ ያለ ክፍያ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሐቀኛ ሰዎች ጥርት ያለ ሂሳብ ቢያቀርቡ በጉባኤ ላይ ከሚሰነዘርባቸው ጥርጣሬ ራሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

በእንዲህ ያለ መንደር ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ውል ከመፈረሙ በፊት መተዳደሪያ ደንቡን፣ የቅርብ ዓመታት ሂሳብና ቃለ ጉባኤዎችን፣ እንዲሁም የመጠባበቂያ ገንዘቡን መጠን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መንገዱንም በበጋ ሳይሆን ዝናብ በጣለ ማግሥት ሄዶ ይመልከት። የእኛን ማኅበር በዚህ መንገድ የሚመረምር ሰው ደንቡን ወዲያው ያገኛል፤ መንገዱንም ይወደዋል፤ የመጠባበቂያ ገንዘቡን ዝርዝር ግን ደጋግሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ቢሆንም ቤቱን ከመግዛት ወደኋላ እንዲል አልመክረውም።