ራፉ ላይ ሌሊት «እንወርዳለን» ላሉን የባሌ ተራሮች መሪ

ከሐዋሳ ተነሥታችሁ የባሌን ተራሮች በእግር ለማየት ለምታስቡ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ እወዳለሁ። ጥቆማዬ ክብደት የሚኖረው ምስጋናዬን ካነበባችሁ በኋላ ስለሆነ ግን አስቀድሜ እኚህ ሰው ለእኔና ለቤተሰቤ ያደረጉትን በዝርዝር ልጻፍ። በዲንሾ ከተማ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳን የተሻገረ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንግዶችን በመምራት ልጆቻቸውን ያሳደጉ አስጎብኚ ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ በጉዞው እንጠራቸው እንደነበረው «ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ኅዳር እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ሦስት የሥራ ባልደረቦቻችን ሆነን ከዲንሾ ተነሥተን በወይብ ሸለቆ፣ በኬይረንሳና በራፉ የድንኳን ማደሪያዎች በኩል ወደ ጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፣ ከዚያም ሳነቴ አምባን አቋርጠን ወደ ቱሉ ዲምቱ ለመውጣት አቅደን ነበር። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀዩ ተራራ» ማለት ሲሆን፣ በ4,377 ሜትር ከፍታው የባሌ ተራሮች ቁንጮ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ያለችው በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የእግር ጉልበት ጉዳይ አድርገን ብቻ ስላየነው፣ ዋናው ጭንቀታችን ጫማና የዝናብ ልብስ ነበር። አንድ የጉዞ አዘጋጅም በሦስት ቀን ጫፍ አድርሶ እንደሚመልሰን፣ ዋጋውም ያነሰ እንደሚሆን ነግሮን ስለነበር ወንድሜ ልቡ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር።

ጋሼን በስልክ ሳገኛቸው ከዋጋ በፊት የጠየቁኝ ስለ እኛ ነበር። ከመካከላችን አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው እንዳለ፣ ማን ክኒን እንደሚወስድ፣ ደጋ አገር ያደርንበት ጊዜ መቼ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁኝና፣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ሌሊት ዲንሾ ማደር እንዳለብን ነገሩኝ። ዲንሾ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን ሌሊቶች የቀን አበል ማብዣ አድርጌ ጠርጥሬያቸው ስለነበር፣ ዛሬ በዚህ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። በዚያው ጥሪ ስለ ስንቅም መከሩን። ባቄላና ክክ ይዛችሁ አትምጡ፤ በ4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እሳቱ ቢነድም እህሉ አይበስልም፤ በሶ፣ ቆሎና ሽሮ ያዙ አሉን። ይህ ምክር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባኝ ከጎናችን የሰፈሩ መንገደኞች ማሰሮ ጥደው እስከ እኩለ ሌሊት ሲጠብቁ ባየሁ ጊዜ ነው።

በሻሸመኔ፣ በኮፈሌ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገን ዲንሾ ስንደርስ ጋሼ ከመኪና ማቆሚያው ቆመው ተቀበሉን። በማግስቱ ጭነት ሳይኖረን በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጽድና የኮሶ ደን ውስጥ የደጋ አጋዘን እያየን ዋልን። «ሱታ ሱታ» የሚለውን ቃላቸውን በመጀመሪያ የሰማሁት እዚያ ነው፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ከመካከላችን አንድ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ንግግሩን ሲያቋርጥ ይቆሙና ሌላ ነገር እንደሚያሳዩን ሆነው ያሳርፉናል፤ እኛ አጋዘን የምናይ ሲመስለን እሳቸው እኛን ያዩ እንደነበር የተረዳሁት በኋላ ነው።

በወይብ ሸለቆ ያሳዩንን ሁሉ ልዘርዝር ብል ጽሑፌ አያልቅም፤ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀይ ቀበሮ ነው። ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀበሮዎች ብቻ በዓለም ላይ እንደቀሩ፣ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ እንደሚኖሩ ጋሼ ነገሩን። ቀበሮዋ ከአንድ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ስትጠብቅ አየናት። የሚታደነው ይህ ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ውጭ የትም አይገኝም። እኛ ስልካችንን አውጥተን ስንጠጋ ጋሼ ክንዳችንን ያዙን፤ ብናባርራት አደኗ እንደሚበላሽባት፣ እሷም ግልገሎች ይኖሯት ይሆናል ብለው አስረዱን። ስለ ውሾችም እዚያው ነገሩን፤ ከሰፈር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ባለፉት ዓመታት በተደጋጋሚ ብዙ ቀበሮዎችን ስለጨረሰ፣ ውሻ ይዞ የሚመጣ እንግዳ በፍጹም አይቀበሉም።

ሁለተኛው በ3,469 ሜትር ላይ የሚገኘው የፊንጫ ሀበራ ዋሻ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ባደረጉት ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር፤ ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ፣ የድንጋይ መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር መስተዋት መሰል ድንጋይም ከ4,200 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ከላያቸው ያሉት ጫፎች በረዶ ግግር ተሸክመው ነበር። ጋሼ ይህን የሚናገሩት በቃላቸው አጥንተው እንደሚደግሙት ሰው አይደለም፤ ወደ ዋሻው ደፍ ወስደው ያስቀምጡሃል፣ ሸለቆውን በዱላቸው ያመለክቱሃል፣ ከዚያ ዝም ይላሉ።

አሁን ይህን ጽሑፍ ወዳስጻፈኝ ሌሊት ልምጣ። ራፉ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነበር። የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በዘመናት ተሸርሽሮ እንደ ምሰሶ ያቆማቸው ድንጋዮች የከበቡት፣ ነፋሱ የማያርፍ ስፍራ ነው። ወንድሜ ሻይ ብቻ ጠጥቶ ተኛ። «ደክሞኛል» አለ፤ እኛም አመንነው። ጋሼ ግን እራት ላይ ምን ያህል እንደበላ አይተው ነበርና ማታ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳኑን ከፍተው በባትሪ ፊቱን አዩት። ራሱን ያመው እንደሆነ ሲጠይቁት ከኬይረንሳ ጀምሮ ሲያመው እንደቆየና ሁለት ጊዜ እንዳስመለሰው፣ ጉዞውን ላለማበላሸት ብሎ እንደደበቀን ተናገረ።

አስነሡት፤ ጋቢ አለበሱትና ውጭ አቆሙት። በዱላቸው ጫፍ ውርጭ በያዘው መሬት ላይ አራት ሜትር የሚያህል ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ በመስመሩ ላይ እንዲራመድ አዘዙት። ወንድሜ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር በየጠዋቱ የሚሮጥ፣ ከአምስታችን ሁሉ ጠንካራው ሰው ነው፤ በሦስተኛው እርምጃ ወደ ግራ ወደቀ። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ነው ብሎ ተከራከረ። ጋሼ ራሳቸው በዚያው መስመር ላይ ሄደው ተመለሱና ወደ እኔ ዞረው፣ «ወንድምህን ተመልከተው። እንወርዳለን። አሁኑኑ» አሉኝ።

እኔ እንኳ እስኪነጋ ብንጠብቅስ ብዬ ጠይቄ ነበር። የሰጡኝ መልስ አጭርና ግልጽ ስለነበር እናንተም እንድታውቁት እጽፈዋለሁ። በከፍታ ላይ ራስ ማመም ብቻ ከሆነ ባሉበት ቆሞ ማረፍ ይቻላል፤ ሚዛን መሳት፣ ንግግር መዛባት ወይም ተቀምጦም ቢሆን ትንፋሽ ማጠር ሲጨመርበት ግን አንጎል ወይም ሳንባ ውሃ መቋጠር መጀመሩን ሊያመለክት ስለሚችል፣ ከመውረድ የሚቀድም መድኃኒት የለውም፤ ጠዋትም አይጠበቅም። በቱሉ ዲምቱ ጫፍ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ እንደሚያንስ ያስረዱኝ ፈረሱን እየጫኑ ነበር።

ባለ ፈረሱ፣ እሳቸውም ሌላ ምስጋና የሚገባቸው ሰው ናቸው፣ ከእንቅልፋቸው ሲቀሰቀሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን ብርድ ልብስ በኮርቻው ላይ አነጠፉ። ወንድሜ በፈረስ፣ ጋሼ ከጎኑ ቀበቶውን ይዘው፣ እኔ ከኋላ ሆነን በጓሳውና በድንጋዩ መካከል ቁልቁል ወረድን። ጋሼ በየጥቂት ደቂቃው ስሙን፣ የልጁን ስም፣ ያለበትን ቦታ ይጠይቁት ነበር። መጀመሪያ አካባቢ የልጁን ስም ለመመለስ ዘገየ፤ ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሲነጋ ኬይረንሳ ደርሰን ነበር። ረፋዱ ላይ ራሱ ቀለለው፤ ከሰዓት በኋላ በሶ ጠየቀ፤ እንደዚያው ያለ መስመር አሰምረው ሲሞክሩትም እስከ መጨረሻው ሄደ። በማግስቱ ሁላችንም ወደ ዲንሾ ወረድን፤ ጋሼም ከመኪናችን ጋር ሮቤ ድረስ አብረውን ሄደው ሐኪም እስኪያየው አልተለዩንም። ለቀሩት ቀናት የከፈልነውን ገንዘብ ሊመልሱልን ሲሉ እንቢ አልናቸው፤ የባለ ፈረሱን ድርሻ ብቻ አስቀርተው ሌላውን ከወንድሜ ኪስ ውስጥ ከትተውት እንደሄዱ ያወቅነው ሻሸመኔ ስንደርስ ነው።

በጥር ተመለስን። ያው አምስታችን፣ ያው መንገድ፤ በዚህ ጊዜ ግን በጋሼ አሳብ ሁለት ተጨማሪ ሌሊቶች ጨምረን፣ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታችን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር አድርገን። ቀን ወጥተን ማታ ዝቅ ብለን አደርን። አባቶቻችን የተራራ መተላለፊያን «በር» ይሉታል፤ ከደብረ ሲና በላይ በጣርማ በር ያለፈ ሰው ቃሉ ለምን እንደተመረጠ ያውቃል። ወደ ጋርባ ጉራቻ በሚያሳልፈው ከፍታ ላይ ስንቆም ለእኔም እንዲሁ ሆነብኝ፤ ከኋላችን ሸለቆው ተዘጋ፣ ከፊታችን በረዶ የቦረቦረው ገደልና በሥሩ ያለው ጥቁር ሐይቅ ተከፈተ። ስሙም «ጥቁር ባሕር» እንደ ማለት ነው። ወንድሜ እዚያ ቁጭ ብሎ ረጅም ጊዜ ቆየ።

በሳነቴ አምባ ላይ ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ አገኘነው። ማታ ማታ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ከውርጭ እንደሚጠብቅ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ እንደሚሞት ጋሼ ነግረውን ስለነበር፣ ጠዋት በውርጭ ነጥቶ ስናየው ቅጠሉን ማንም አልነካም። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የመገናኛ ማማ አለ፤ መኪናም ይወጣዋል። ይህ ለአንዳንድ ሰው ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ እኔ ግን ወንድሜ በገዛ እግሩ ሲደርስ ከማየቴ የተነሣ ማማውን ልብ ያልኩት ዘግይቼ ነው። በስተ ምዕራብ 4,307 ሜትር ያለው ባቱ፣ በስተ ደቡብ ደግሞ አምባው ድንገት ተቆርጦ ወደ ሐረና ደን የሚወርድበት ጠርዝ በደመና ተሞልቶ ይታያል። ከዚያ ከጎባ ወደ ዶሎ መና በሚያልፈው መንገድ ላይ መኪናችን ጠብቆን ወደ ጎባ ወረድን።

ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከሐዋሳ የሚሄደው ሰው ሲበዛ እያየሁ ስለሆነ፣ ጥቆማዬን አጠር አድርጌ ላስቀምጥ። ጋሼ አምስት ቀን የሚፈጀውን መንገድ በሦስት ቀን እንዲያስጨርሷችሁ ብትለምኗቸው አይሄዱም፤ ይህን እንደ ግትርነት አትቁጠሩባቸው። ኦሮምኛና አማርኛ አጥርተው ይናገራሉ፤ ፈረስና ባለ ፈረስ ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ዋጋው ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም፤ ከእኛ የተቀበሉት ግን መጀመሪያ በስልክ ከተናገሩት አንድ ብር አልበለጠም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል ወፍራም የመኝታ ከረጢትና ጋቢ ሁለቱንም ያዙ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ራሳችሁን ካመማችሁ በመጀመሪያው ሰዓት ንገሯቸው።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ እንደሚያነቡልዎት አውቃለሁ፤ እናታችን በየጸሎቷ ስምዎን ታነሣለች። ገለቶማ።

የስልክ ቁጥራቸውን ፈቅደውልኝ ስለሆነ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ እሰጣለሁ። ስትደውሉላቸው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ቀን ቀን ስልክ የማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ ናቸው።